ዞምቢ በዘመናዊው መዝናኛና የመንዙ «የቡዳ ሙት»

ዞምቢ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ነፍሱ ሳትመለስ ሥጋው ብቻ ተነሥቶ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ነው። የሚታወቀው በፊልም፣ በተከታታይ ድራማና በጌም ነው። የደብረ ብርሃንም ሆነ የሸዋ ሮቢት ወጣት ከዞምቢ ጋር የተዋወቀው በስልኩ፣ በሚያስጭነው ፍላሽና በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሰሜን ሸዋ ግን ፊልም ሳያይ በፊት ከመቃብር ወጥቶ የሚያገለግል ሙት ታሪክ ነበረው፤ ታሪኩም ከመንዝ ሰዎች አፍ ተወስዶ በጥናት ተመዝግቧል። ስለ ዞምቢ የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ሳያነሱ ስለሚያልፉ እዚህ ሰፋ ተደርጎ ቀርቧል።

መነሻው

የዞምቢ አገር ሄይቲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃ እስክትወጣ ድረስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻዎቿ ላይ እየሠሩ ያልቁ ነበር። በሄይቲዎች እምነት ቦኮር የሚባለው አስማተኛ ሙቱን ከመቃብር አውጥቶ ጉልበቱን ይበዘብዛል። ሙቱ አያስብም፣ ጌታውንም አይቃወምም። ጨው ከቀመሰ ግን መሞቱን አውቆ ወደ መቃብሩ ይመለሳል ይባላል። ሄይቲያዊው የሚፈራው ዞምቢ እንዳይበላው ሳይሆን ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን ነው። ባሪያውን ከጌታው እጅ የምታወጣው ሞት ነበረች፤ እርሷም ካላወጣችው መውጫ የለውም።

ካናዳዊው አንትሮፖሎጂስት ዌድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነገሩን በመርዝ ሊያስረዳ ሞክሯል፤ ቦኮሮች ከዓሣ በሚገኝ መርዝ ሰውን የሞተ አስመስለው ያስቀብሩታል የሚል ነው። ዱቄቱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ያገኙት መርዝ እዚህ ግባ የማይባል ነው ብለው ተቃውመውታል።

ወደ ፊልም የገባበት መንገድ

ዞምቢ በአሜሪካ የታወቀው አሜሪካ ሄይቲን በጦር ይዛ በቆየችበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1915–1934) ነው። ዊልያም ሲብሩክ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በእርሻ ላይ ስለሚሠሩ ሙታን ጻፈ። ከ3 ዓመት በኋላ ቤላ ሉጎሲ የተወነበት «ኋይት ዞምቢ» ወጣ። በዚያ ፊልም ሙታኑ በስኳር ፋብሪካ ውስጥ ወፍጮ ሲገፉ ይታያሉ፤ ገና አዛዥ አላቸው። ቀጥሎ ያሉት 30 ዓመታት ይህን ያህል የሚነገርላቸው አይደሉም።

ሁሉን የለወጠው ጆርጅ ሮሜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በፔንስልቬንያ ገጠር፣ 114,000 ዶላር ገደማ በሆነ በጀት «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በጥቁርና ነጭ ሠራ። ከዚህ ፊልም ወዲህ ዞምቢ ጌታ የለውም። ማንም ያላዘዛቸው ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ። በአንድ የእርሻ ቤት የተጠለሉት ሰዎችም ደጅ ያለውን አደጋ ትተው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ከሁሉም ብርቱው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዱዌን ጆንስ ተውኖታል። ሌሊቱን ተዋግቶ ብቻውን ከተረፈ በኋላ ጠዋት ሊያጸዱ የመጡ ታጣቂዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው በጥይት ይገድሉታል። አሜሪካ በዘር ጥያቄ ትታመስ በነበረችበት ዓመት ይህ መጨረሻ የነበረው ክብደት ቀላል አልነበረም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለመብትነት ጽሑፉ ስለቀረ ፊልሙ የማንም ሆኖ ቀረ፤ እንደ ልብ መባዛቱም ለመስፋፋቱ ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ሙታኑን ወደ ገበያ ማዕከል አስገባቸው፤ በሕይወት ሳሉ ከለመዱት ቦታ አይጠፉም። አንጎል መብላት የመጣው ከሮሜሮ አይደለም፤ በ1985 በወጣ የሌላ ሰው ፊልም ነው። በ1996 ጃፓኖች «ሬዚደንት ኢቭል»ን በጌም አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ መንስኤው ከአስማት ይልቅ ቤተ ሙከራ ያመለጠ ቫይረስ መሆን ያዘ። የ2002ቱ የእንግሊዝ ፊልም «28 ዴይስ ሌተር» የሚሮጡትን አስፋፋ፤ እነዚህ የታመሙ ሕያዋን እንጂ ሙታን ስላልሆኑ ዞምቢ አይባሉም የሚሉ አሉ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ከ2010 እስከ 2022 በ11 ምዕራፍ በቴሌቪዥን ታይቷል። ኮሪያዎች ደግሞ በ2016 ባቡር ውስጥ አስገብተዋቸዋል።

ጠባዩ

አብዛኞቹ ሥራዎች በጥቂት ነገሮች ይስማማሉ። ዞምቢ ሕመም አይሰማውም፣ አይናገርም፣ ዘመድ አይለይም። የነከሰው ሰው እርሱን ይሆናል። ክንዱ ቢቆረጥ መምጣቱን አይተውም፤ የሚያቆመው አንጎሉ ሲመታ ብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት ተጫዋቹ ደረት ደረቱን እየተኮሰ ጥይት ሲጨርስ ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ልጆች «ጭንቅላቱን በለው!» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የሮሜሮ ሕግ ነው፣ ፊልሙን ባያዩትም። አንድ ለአንድ ሲሆን ደካማ ነው፤ አስፈሪነቱ በብዛቱ ነው።

በሰሜን ሸዋ

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ተቀምጦ ስለ ቡዳ የሰማውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። ጥናቱ በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ነው፤ ታሪኩን በዚህ ዝርዝር ለነገሩት መንዜዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። እንደነገሩት ቡዳ የበላው ሰው ሲሞት ቡዳው የመቃብሩን ቦታ ያይና ዘመድ ጥበቃውን እስኪተው ያደባል። ከዚያ ሬሳውን አውጥቶ ቤቱ ይወስደዋል፣ ሕይወት ይዘራበታል፤ ለሰው እንዳይናገር ምላሱን ይቆርጠዋል። ሙቱ ባሪያ ሆኖ ያገለግላል። እንግዳ ከመጣ ቡዳው በአርጩሜ አናቱን መታ ያደርገዋል፤ ሙቱ ማሰሮ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዳው ሲሄድ እንደገና ሲመታ ሰው ይሆናል። 7 ዓመት ሲሞላው አመድ ሆኖ ያልቃል።

ከሄይቲው ጋር መመሳሰሉ የሚገርም ነው፤ ሁለቱም ከመቃብር ወጥተው ለሰው ይሠራሉ፣ ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። አንዱ ከሌላው ተቀዳ የሚያሰኝ ነገር የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ባርነት ነው ቢባል ግን ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሸዋም ባርነትን ታውቀዋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ አካባቢ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር፤ ባርነት በአገሪቱ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የሮሜሮ ሙታን ለማንም ስለማይሠሩ የመንዙ ሙት ለሄይቲው እንጂ ለእነርሱ አይቀርብም።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ትንሣኤ ሙታን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እዚያ ነፍስ ከሥጋዋ ጋር ትነሣለች።

በዞምቢና በቡዳ መካከል አንድ ከባድ ልዩነት አለ። ዞምቢ ነህ ተብሎ የተገለለ ጎረቤት የለም፤ ቡዳ የተባሉት ግን ማረሻውን የቀጠቀጡ፣ ምጣዱንና እንስራውን የሠሩ፣ ቆዳውን የፋቁ ሰዎች ናቸው። ሙቱ ማሰሮ ይሆናል መባሉም ጣቱን ወደ ሸክላ ሠሪዋ የሚቀስር ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ባይኖሩ የሰሜን ሸዋ ገበሬ አያርስም ነበር፤ ሆኖም በጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። የአንጎለላው ልጅ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ሬሚኒክ መንዝ በደረሰ ጊዜ አዋጁ 60 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ መንዜዎቹ የነገሩት ግን ያንኑ የቡዳ ታሪክ ነው።