ገና ለምን ታኅሣሥ 29 ሆነ? አንዳንዴስ ለምን 28 ይሆናል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ የገና መቃረብ ቀድሞ የሚታወቀው በበጉ ነው። ከደብረ ብርሃን መስመር በሰንዳፋና በለገጣፎ፣ ከጎጃም መስመር ደግሞ በሱሉልታ በኩል በግ የጫኑ አይሱዙዎች ይገባሉ። ካራ ላይ ገበያው ይደራል። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ጎረቤት ተጠራርቶ የቅርጫ ብር ያዋጣል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያትን ጾም የያዘው ምእመንም ቀን ይቆጥራል። በየ4 ዓመቱ ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዘንድሮ በዓሉ 28 ነው 29?» ለዚህ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ቀኑ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

ወንጌል የልደቱን ቀን አይናገርም። ማቴዎስ ሄሮድስን ያነሳል። ሉቃስ የአውግስጦስ ቄሣርን የሕዝብ ቆጠራና ሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁትን እረኞች ይጠቅሳል። ወርና ቀን ግን የለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ትልቁ በዓል ትንሣኤ ነበር፤ ልደትን በበዓልነት አልያዙትም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቤተ ክርስቲያን መምህር ኦሪገን እንዲያውም «በመጽሐፍ ቅዱስ ልደታቸውን ያከበሩት እንደ ፈርዖንና እንደ ሄሮድስ ያሉ ኃጢአተኞች ናቸው» በሚል መንፈስ ልደት ማክበርን ነቅፏል።

ስለ ቀኑ ከምናገኛቸው ቀደምት ምስክሮች አንዱ ክርስቲያኑ ጸሐፊ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ነው። እ.ኤ.አ. 200 ገደማ ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩትን ግምቶች ይዘረዝራል። የግብፅ ወሮች ከእኛ ወሮች ጋር ቀን በቀን ስለሚገጥሙ በራሳችን አቆጣጠር ልናነባቸው እንችላለን። አንዳንዶች ግንቦት 25 ተወለደ ይሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ ሚያዝያ 24 ወይም 25 ይላሉ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ ያስተማረው የባሲሊደስ ተከታዮች የጌታን ጥምቀት ያከብሩ የነበረው ጥር 15 ነው፤ ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ጥር 11 ያደርጉታል። ዛሬ ታቦታት የሚወጡበት ጥር 11 በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አፍ ላይ የነበረ ቀን መሆኑ ሁሌም ይደንቀኛል።

ያ ቀን በሮማውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ነው። በምሥራቅ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ልደትንና ጥምቀትን በዚህ አንድ ቀን አጣምረው ያከብሩ ነበር። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንዲሁ ታደርጋለች።

ዲሴምበር 25 የመጣው ከሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ354 የተዘጋጀ አንድ የሮም ካላንደር አለ። በውስጡ ወደ 336 የሚመለስ የሰማዕታት መታሰቢያ ዝርዝር ይገኛል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ክርስቶስ በይሁዳ ቤተ ልሔም የተወለደበት ቀን ዲሴምበር 25 ተብሎ ሰፍሯል። በዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ይኸው ቀን «የማይሸነፈው» ልደት ይባላል። የማይሸነፈው የሚባለው የሮማውያን የፀሐይ አምላክ ነው። ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን እ.ኤ.አ. በ274 ሮም ውስጥ ቤተ መቅደስ የሠራለት ነው።

የታሪክ ጸሐፍት የተከፋፈሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን የፀሐይን በዓል ወርሳ የክርስቶስ አደረገችው ይላል። ሌላው ወገን ቀኑ የተገኘው በስሌት ነው ይላል። በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ ጌታ የተፀነሰበትና መከራ የተቀበለበት ቀን አንድ ነው የሚል እምነት ነበር። ቀኑም ማርች 25 ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ልደቱንም ከዚያው ጋር አያይዞ ዲሴምበር 25 ያደርገዋል። ከማርች 25 ተነስቶ 9 ወር የቆጠረ ዲሴምበር 25 ላይ ያርፋል። በትንሹ እስያ (በዛሬዋ ቱርክ) የሞቱን ቀን ኤፕሪል 6 ያደረጉ ነበሩ፤ ከዚያ 9 ወር ሲቆጠር ደግሞ ጃንዋሪ 6 ይመጣል።

እኔን የሚያሳምነኝ ስሌቱ ነው። የፀሐዩ ታሪክ ሁለተኛውን ቀን፣ ጃንዋሪ 6ን፣ አይፈታም፤ ስሌቱ ግን ሁለቱንም ይፈታል። ከዚህም ሌላ የፀሐዩ ትርጓሜ ብርዱና ጨለማው ለሚከብድበት ለሰሜኑ አገር የተመቸ ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር በዓመቱ አጭር ቀንና ረጅም ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ታኅሣሥ እዚህ በጋ ነው። ሌሊቱ ሱሉልታ ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ቀኑ ግን ጠራራ ነው። በሰንዳፋ ማሳ ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው። ልጆች ሩር የሚያሳድዱት፣ በተቆለመመ ዱላ የሚፋለሙትም በዚያ በተገለጠ ሜዳ ላይ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ጨዋታ ነው። ለእኛ ገበሬ በዓሉ ከአዝመራው ጋር ገጠመ እንጂ ከፀሐይ መመለስ ጋር አልተያያዘም።

ከሮም የተነሳው ቀን በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። ዮሐንስ አፈወርቅ አንጾኪያ ላይ በ380ዎቹ ሲሰብክ በዓሉ በከተማዋ ከታወቀ ገና 10 ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። እስክንድርያ ዘግየት አለች። እ.ኤ.አ. በ432፣ በፓትርያርኩ በቄርሎስ ዘመን፣ በሶርያ ያለችው የኤሜሳ ጳጳስ ጳውሎስ እስክንድርያ ላይ የልደት ስብከት ሰጠ። የስብከቱ ቀን በግብፅ አቆጣጠር ኪያክ 29 ነው። ኪያክ የእኛው ታኅሣሥ ነው። በፍሬምናጦስ ጊዜ ጵጵስናን ከእስክንድርያ የተቀበለችው የአክሱም ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠሯን የወረሰችው ከዚህችው መንበር ነው። ኢየሩሳሌም የመጨረሻዋ ነበረች ለማለት ይቻላል። አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴው ቆስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ የኢየሩሳሌም ሰዎች አሁንም ልደትን ከጥምቀት ጋር እንደሚያከብሩ ያነሳል።

አሁን ወደ 28ና 29 እንምጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መልአኩ ገብርኤል ማርያምን ያበሰረበት፣ ጌታም የተፀነሰበት ቀን መጋቢት 29 ነው። ጥንተ ትንሣኤውም በዚሁ ቀን ይታሰባል፤ ጥንተ ስቅለቱ ደግሞ መጋቢት 27። መጋቢት 29 በድሮው የሮማውያን አቆጣጠር ማርች 25 ነው። አውግስጢኖስ የጻፈውና ካህኖቻችን የሚቆጥሩት አንድ መነሻ ነው ማለት ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር አለ፤ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በድምሩ 270። በመሐል ጳጉሜን አለች፤ 5 ቀን። ሲደመር 275 ቀን ወይም 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል።

በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ያኔ ታኅሣሥ 29 ላይ ብንደርስ 276 ቀን ይሞላል። ስለዚህ ቆጠራው ከ275 እንዳያልፍ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም። በዘመነ ዮሐንስ በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ርቀት ከ12 ወደ 13 ቀን ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። «ካላንደሩ ተሳስቶ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጳጉሜን አስቆጥሩት።

መጋቢት 29 አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ለዚህም ብሥራቱ ታኅሣሥ 22 ጭምር ይከበራል። በተአምረ ማርያም እንደሚነበበው ይህን የጀመረው ጳጳሱ ደቅስዮስ ነው። ደቅስዮስ ስፔን ውስጥ የቶሌዶ ጳጳስ የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ656 ቶሌዶ ላይ የተደረገ ጉባኤም የብሥራትን በዓል ዲሴምበር 18 ላይ አውሎታል። በድሮው አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ከእኛ ታኅሣሥ 22 ጋር ልክ ይገጥማል። ከስፔን የተነሳ ሥርዓት ሰበታና ቡራዩ ባሉ አጥቢያዎች ዛሬም አለ።

ከፈረንጆቹ ጋር ያለው የ13 ቀን ልዩነትስ? ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ የልደት ቀናት ያሉ ይመስለዋል። ቀኑ አንድ ነው፤ የተለየው ካላንደሩ ነው። የዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ያደርገዋል፤ እውነተኛው ዓመት ግን ከዚያ 11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። ደቂቃዋ ተጠራቅማ ቀን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1582 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን ቆርጠው ጣሉ፤ ከኦክቶበር 4 በቀጥታ ወደ 15 ተዘለለ። የእኛ አቆጣጠር ማስተካከያውን አልተቀበለም። ስለዚህ የእኛ ገና የዋለበት ቀን በድሮው አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው፤ በአዲሱ ደግሞ ጃንዋሪ 7። ታኅሣሥ 28 ሲሆንም ጃንዋሪ 7 መሆኑን አይለቅም። የኢትዮጵያ ፕሮቴስታንቶችም በዓሉን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። የፈረንጆቹ ገና እኛ ጋ ሲደርስ ታኅሣሥ 16፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 15 ነው፤ በከተማዋ ዳር ያለው ሕዝብ ያኔ ገና ጾም ላይ ነው።

ርቀቱ ሁልጊዜ 13 አልነበረም። ምኒልክ በጥቅምት 1882 በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ገና እንደ ወትሮው ታኅሣሥ 29 ነበር። በአውሮፓ ካላንደር ግን ያ ቀን ጃንዋሪ 6፣ 1890 ነው። ያኔ ልዩነቱ 12 ቀን ነበር። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900ን ሠግር (366 ቀን ያለው) ዓመት ስላላደረገው ርቀቱ 13 ሆነ። 2100ም ሠግር አይሆንም። በእኛ 2093 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ታኅሣሥ 29 ሲቀደስ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8፣ 2101 ይሆናል።