ኮረም ሴንሲንግ ምንድን ነው?

በጎጃም ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ገበሬ አንድ ማለዳ ክንፋቸው ሥር ደም የቋጠረ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ ዓሣዎች ተንሳፍፈው ቢያገኝ «ይህ በሽታ ከየት መጣብኝ?» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ከየትም አልመጣም። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ባክቴሪያ በወንዝ ውሃም፣ በኩሬ ጭቃም፣ በጤነኛ ዓሣ አንጀትም ይኖራል። ታዲያ እስከ ትናንት ዝም ብሎ ዛሬ ለምን ገዳይ ሆነ?

አንዱ መልስ ኮረም ሴንሲንግ ነው፤ ባክቴሪያዎች ብዛታቸውን የሚያውቁበት ዘዴ። እያንዳንዷ ሕዋስ ላክቶን የተባለ ጥቃቅን ሞለኪውል እያመረተች ወደ ውጭ ትለቃለች። ሕዋሶቹ ጥቂት ከሆኑ ሞለኪውሉ ተበትኖ ይቀራል። ሲበዙና ሲጠጋጉ ግን ይጠራቀማል፤ ሕዋሷ ውስጥ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅም ተዘግተው የነበሩ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ምልዐተ ጉባኤ ሳይሞላ እድር ውሳኔ እንደማያሳልፈው መሆኑ ነው። ያኔ ሥጋ የሚያሟሙ ኢንዛይሞችና ደም የሚያፈርሱ መርዞች ይመረታሉ። ጥቂት ሳሉ ይህን ቢያደርጉ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ፣ የዓሣው መከላከያም ቶሎ ይነቃባቸዋል። ዘዴው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ፣ ሲበዙ ብቻ በሚያበሩ የባሕር ባክቴሪያዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው።

ብዛት ብቻውን ግን ሁሉን አይገልጽም። አንድ ስም የተሰጣቸው ባክቴሪያዎች በጂን በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ የመርዝ ጂን አለው፣ ሌላው የለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ አላባማ የአምባዛ ዘመድ የሆነውን ካትፊሽ የፈጀው ኤሮሞናስ፣ በቻይና ካርፕ በተባለ ዓሣ ላይ ከተገኘው ጋር በዘር እጅግ የቀረበ ሲሆን ኢኖሲቶል የተባለውን ንጥረ ነገር ብቻ ተመግቦ ማደግ ይችላል። አብዛኞቹ ዘመዶቹ ይህን አይችሉም። ስለዚህ ላቦራቶሪ «ኤሮሞናስ ተገኝቷል» ቢል ገና ግማሽ መልስ ነው፤ ከኤሮሞናሶቹ መካከል የትኛው ዘር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ባክቴሪያዎቹ በላክቶን የሚለዋወጡትን ምልክት ማቋረጥ ነው። አንዳንድ ባሲለስ ባክቴሪያዎች ላክቶኑን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው፤ ኤሮሞናሱን ሳይገድሉ መርዙን ሊያስቀሩ ይችላሉ። ስለማይገድሉት፣ መድኃኒት የለመደ ዘር የማፍራት ግፊታቸው ከአንቲባዮቲክ ያነሰ እንደሚሆን ይታሰባል።

እስከዚያው ኩሬው ላይ የሚሠራ አለ። የዓሣ ጫጩት ከኩሬው አቅም በላይ ሲጨመር፣ ፍግና የተረፈ መኖ ሲበሰብስ፣ ንጋት ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ዓሣው ይደክማል፣ ባክቴሪያው ይበዛል። መረብ ቆዳውን ከላጠውም መግቢያ ያገኛል። ዓሣው ማለዳ አፉን ከውሃ በላይ እያወጣ አየር የሚስብ ከሆነ፣ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የፍጉን መጨመር ማቆምና ንጹሕ ውሃ ማስገባት ይቀድማል።