የጃፓን አዲስ ዓመት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃፓናውያን አዲሱን ዓመት እንደ ቻይናውያን በጨረቃ አቆጣጠር ያከብራሉ የሚለው አመለካከት ከ150 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቢሆን ኖሮ ብዙም ስህተት አልነበረም። በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) የነበረው መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ጀምሮ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ሥራ ላይ ስላዋለ፣ የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ወር ገና በሁለተኛ ቀኑ ተቋርጦ አዲስ ዓመት ገባ። ካዝናው የተራቆተው መንግሥት፣ በነባሩ አቆጣጠር በዚያ ዓመት ይመጣ የነበረውን የ13ኛ ወር ደመወዝ ከመክፈል መዳኑ ለጥድፊያው አንዱ ምክንያት እንደነበር ይነገራል። ዛሬም በነባሩ ቀን የሚያከብሩ፣ ለምሳሌ በኦኪናዋ እንደ ኢቶማን ባሉ የዓሣ አጥማጆች አካባቢዎች፣ አልጠፉም።

ዋዜማው በርችትና በጭፈራ ያልፋል የሚለውም ግምት ከእውነታው ይርቃል። በጃፓን ከወዳጅ ጋር ወጥቶ የመዝናኛው ምሽት ይልቁንም የገና ዋዜማ ሲሆን፣ አዲስ ዓመት የቤተሰብ ነው። ቤቱ ከጥግ እስከ ጥግ ይጸዳል፣ ሶባ የሚባለው ቀጭን ኑድል ይበላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢም የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይደወላል። ከበር ላይ የሚቆመው ጥድና ቀርከሃ፣ በቤት ውስጥም ተደራርበው የሚቀመጡት ሁለት ክብ ሞቺዎች (ከሚጣበቅ ሩዝ የሚሠራ ቂጣ መሰል ምግብ) እንዲሁ ጌጥ ይመስላሉ፤ በልማዱ ግን በአዲሱ ዓመት ወደየቤቱ የሚመጣውን አምላክ መቀበያ ናቸው። ስለዚህም በመጨረሻው ቀን በጥድፊያ ማዘጋጀት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ብዙዎች እስከ ዲሴምበር 28 ያዘጋጃሉ።

በዓመቱ መጀመሪያ ወደ መቅደስ መሄድ ሳይለወጥ የኖረ ጥንታዊ ሥርዓት ነው መባሉ ግማሽ እውነት ነው። የጸሎቱ ልማድ የቆየ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ከሰፈሩ ርቆ ወደ ታዋቂ መቅደሶች መጉረፍ የጀመረው በሜይጂ ዘመን ባቡር ከተስፋፋ በኋላ ነው። በ3 ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያስተናግደው የቶኪዮው ሜይጂ መቅደስ ራሱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው።

የበዓሉ ምግብ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በተደራራቢ ሣጥን የሚቀርበው ኦሴቺ በቀዝቃዛው የሚበላው በበዓሉ ቀናት ምድጃ እንዳይነካ ቀድሞ ስለሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ጀርባው የጎበጠ ሽሪምፕ እስከ እርጅና መኖርን ይመኛል። ዞኒ የሚባለው የሞቺ ሾርባ በቶኪዮ አካባቢ አራት ማዕዘን ሞቺ በጠራ መረቅ፣ በኪዮቶ ደግሞ ክብ ሞቺ በነጭ ሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራ ማጣፈጫ) ነው። ሞቺ ጉሮሮ ላይ ስለሚጣበቅ አረጋውያን ቆራርጠው እንዲበሉ የቶኪዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ያሳስባል።

የመልካም ምኞት ካርድም ለሁሉም አይላክም። በዓመቱ ውስጥ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ሐዘን ላይ መሆኑን እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ በካርድ ያሳውቃል፤ ይህ የደረሰው ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ አይጽፍለትም።