«ይሄ ልጅ አይሆንም»፦ ስለ ወጣት ፖይንት ጋርዶች የምንሳሳተው

የአሜሪካኑን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤን፣ ማየት አዲስ አበባ ላለ ሰው እንቅልፍ ያሳጣል። በብርዱ ወራት ኒውዮርክ ላይ ከምሽቱ 1፡30 የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9፡30 ነው። ከጓደኞቼ ጋር በቴሌግራም እየተጻጻፍን ነው የምናየው። አንድ ጀማሪ ፖይንት ጋርድ ሁለት ኳስ አከታትሎ ካበላሸ ስልኬ ወዲያው ትጮሃለች፤ «ይሄ ልጅ አይሆንም»። ያው ፖይንት ጋርድ ማለት ኳሷን ይዞ የሚመጣው፣ ጨዋታውን የሚያደራጀው፣ ለሌሎች የሚያቀብለው ልጅ ነው። እኔም ስንቱን ወጣት በዚህች አባባል ቀብሬ ኋላ አፍሬያለሁ። ክርክራችን ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ላንሳ።

«ጎበዝ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ይታያል»

ስቲቭ ናሽን እንይ። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ 15ኛ ሆኖ ፊኒክስ ወሰደው። በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 3.3 ነጥብና 2.1 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል) ብቻ ነበረው። ምን ያድርግ? ከፊቱ ኬቨን ጆንሰን አለ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ጄሰን ኪድ መጣ። በ1998 ወደ ዳላስ ሄደ። እዚያም ሲጀምር ኳሱ አልገባ ብሎት የገዛ ደጋፊዎቹ ይጮሁበት ነበር። ይሄው ሰው በ2005 እና በ2006 በተከታታይ ኤምቪፒ፣ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ሆነ። ያኔ ዕድሜው 30ን አልፎ ነበር።

ጆን ስቶክተንም እንደዚያው ነው። በ1984 ዩታ ሲገባ ተቀያሪ ነበር፤ በጨዋታ 5.1 አሲስት። በአራተኛው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሲሆን 13.8 ደረሰ። በ2003 ጫማውን ሲሰቅል 15,806 አሲስት ነበረው፤ እስካሁን የደረሰበት የለም።

እነዚህ ሰዎች በመሃል ምን አገኙ? እግራቸው አልፈጠነም፤ ዓይናቸው ነው የተከፈተው። ፒክ ኤንድ ሮልን አስቡት። የፖይንት ጋርዱ ረጅም የቡድን ጓደኛ መጥቶ፣ እሱን የሚጠብቀውን ተከላካይ መንገድ ይዘጋበታል። ጀማሪው በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰው ብቻ ያያል፤ ከኋላ የሚያሳድደውንና ከፊቱ የተደቀነውን ግዙፍ። ናሽ የሚያየው ሦስተኛውን ነው። ጥግ ላይ ያለው ተከላካይ ለእርዳታ አንድ እርምጃ ወደ ቀለበቱ ከተጠጋ፣ ጥጉ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ኳሷም እዚያ ትሄዳለች። መንገዱ ሁሉ ቢዘጋበት እንኳ ናሽ ማንጠሩን አያቆምም። ከቀለበቱ ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል ይወጣል፤ ተከላካዮቹ ሲዞሩ አንዱ መርሳቱ አይቀርም። ጀማሪ ግን እዚያች ቦታ ላይ ይደነግጥና ኳሷን በሁለት እጁ ይይዛል። አለቀለት። ይህን ቦታ መቶ ጊዜ ሳይገቡበት፣ መቶ ጊዜም ሳይበላሽ የሚማሩበት መንገድ እኔ አላየሁም።

«ብዙ ኳስ ካበላሸ አላደገም ማለት ነው»

ትሬይ ያንግ በ2018 ሊጉን ሲቀላቀል በጨዋታ 3.8 ኳስ ያበላሽ ነበር። በሁለተኛው ዓመት 4.8። ይህን ብቻ ያየ ሰው ልጁ ወደ ኋላ ሄደ ይላል። በዚያው ዓመት ግን ነጥቡ ከ19.1 ወደ 29.6 ዘለለ፤ አሲስቱም ከ8.1 ወደ 9.3። ጨዋታው ሁሉ በእጁ ሲያልፍ ስህተቱም በስሙ ይጻፋል። እንዲያውም ምንም የማያበላሽ ጀማሪ ካየሁ እጠረጥረዋለሁ። ወደ ጎን እያቀበለ ኃላፊነት የሚሸሽ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ይልቅ የስህተቱን ዓይነት እዩ። ሲያነጥር ተነጥቆ ነው? ወይስ ትክክለኛውን ሰው አይቶ፣ ኳሷን ግን ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ለቀቃት? ሁለተኛው ልጅ ተስፋ አለው።

«ሹት ወይ አለህ ወይ የለህም»

ጄሰን ኪድ ወጣት ሳለ ስሙን ከመጀመሪያዋ ፊደል ነጥለው ይቀልዱበት ነበር። «ጄ» የምትባለው ፊደል የለችውም፤ ጃምፕ ሾት (ዘሎ መወርወር) የለውማ! በኛ ፊደል ቢሆን «ሰን» ብቻ ይቀርለት ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ከባለሦስት ነጥብ ሙከራዎቹ 27.2 በመቶ ነበር የሚገባለት። በ2009/10 የውድድር ዘመን፣ ፀጉር ባይኖረውም ሽበት በሚባልበት ዕድሜ፣ 42.5 በመቶ አስገባ። በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ አነሳ።

«ፍጥነቱ ከቀነሰ አለቀለት»

ፖይንት ጋርዱ ማይክ ኮንሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦል ስታር (ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ ተመራጭ) የሆነው በ2021፣ በ33 ዓመቱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

«ዋናው መታገስ ነው፤ ልምድ ራሱ ያስተካክለዋል»

ይቺኛዋ የኔ ስህተት ናት። ናሽንና ስቶክተንን እየጠራሁ ለሁሉም ጊዜ ስጡት እል ነበር። ማይክል ካርተር ዊሊያምስ ነው ልክ ያስገባኝ። በጥቅምት 2013 መጨረሻ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያ የኤንቢኤ ጨዋታ፣ ከእነሌብሮን ማያሚ ጋር 22 ነጥብ፣ 12 አሲስት፣ ከተጋጣሚ የነጠቀው 9 ኳስ። ፊላደልፊያ አሸነፈች። ዓመቱን በ16.7 ነጥብ አማካይ ጨርሶ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ያንን አማካይ ከዚያ ወዲህ አላገኘውም። ገና በየካቲት 2015 ፊላደልፊያ ለሚልዋኪ ሰጠችው፤ ከዚያ ከቡድን ቡድን ዞረ።

ችግሩ ከሩቅ ሹት ነበር፤ እንደ ኪድ አልተስተካከለለትም። ተከላካዮች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆመው «ወርውር» ይሉታል። እንዲህ ሲቆሙበት መግቢያ ያጣል፤ መግቢያ ሲያጣ ደግሞ የሚያቀብልበት ቀዳዳ ይጠባል። ጉዳቱም አላሳረፈውም። ዓመታቱ እየጨመሩ ሄዱ፤ ተከላካዮቹ ግን ያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ናቸው።

ያን ሌሊት ማያሚን ሲያሸንፍ «ይሄ ልጅ ሆነ!» ብዬ ሰፈር የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ እስካሁን ያነሱብኛል።