የከተማ ድመት፦ ቤት ውስጥ ትቆይ ወይስ ደጅ ትውጣ?

ድመት ከቤት ሳትወጣ ትኑር ወይስ እንደ ልቧ ትዙር ለሚለው ጥያቄ አሜሪካና እንግሊዝ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞችም የወፍ ተቆርቋሪዎችም በብዛት «ቤት ውስጥ ትቆይ» ይላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ግን የድመት መውጣት የተለመደ ነው፤ ባለቤት ያጡ ድመቶችን ለአሳዳጊ የሚሰጡ ድርጅቶችም ጤነኛዋ ድመት ጓሮ ያለው ቤት ብታገኝ ይመርጣሉ። ልዩነቱ ከስሜት ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ካዮቲ የሚባለው የቀበሮ ዘመድ በከተማ ሳይቀር ድመት ያድናል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዱር እንስሳት መካከል አለ። እንግሊዛዊት ድመት ሁለቱንም አታውቃቸውም።

የኢትዮጵያ ከተሞች ሁኔታ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ሌሊት በከተማ ዳር ጅብ ይዞራል፣ የአይጥ መርዝ በየመንገዱ ይሸጣል። በሌላ በኩል ብዙ ሰው ድመት የሚያሳድገው ለአይጥ ብሎ ነው፤ በር ዘግቶ ማስቀመጥ ለእሱ ትርጉም አይሰጠውም። ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው መልስ በቤቱ ዓይነት ይወሰናል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ላይ ያለች ድመት ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ብትኖር ይሻላል። ግቢ ያላት ደግሞ ቀን ግቢ ትዋል፣ ሌሊት በር ተዘግቶባት ትደር። ሁለቱም የሚሠሩት ግን ድመቷ ከተከተበችና እንዳትወልድ ከተደረገች ነው።

የዱር ድመት ልጅ

የቤት ድመት የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህ እንስሳ ዛሬም በኢትዮጵያ አለ። ከሰው ጋር የተላመደችው በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረ መል ጥናት ያመለክታል። ቆጵሮስ ላይም ከሰው አጠገብ የተቀበረ፣ ወደ 9,500 ዓመት የሚጠጋ የድመት አጽም ተገኝቷል። ያገናኛቸው እህልና እህሉን የሚበላው አይጥ ነበር፤ ጎተራ ባለበት የገጠር ቤት ዛሬም የድመት ሥራ ይኸው ነው።

ይህ የዘር ታሪክ የወፎችን ጉዳይ ለመመዘን ይረዳል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አውሮፓውያን እስኪያመጡት ድረስ ድመት አያውቁም ነበር፤ የአካባቢው ወፍና ትንንሽ እንስሳ ከድመት ማምለጥን አልተማረም። በአውስትራሊያ ዋና ከተማ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ የተወለደ ድመት ሁሉ በባለቤቱ ይዞታ ውስጥ ታጥሮ እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ የወጣው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዋልዶርፍ በተባለች የጀርመን ከተማ መሬት ላይ ጎጆዋን የምትሠራ ጉትያም ወፍን ለማዳን ሲባል ድመቶች በመራቢያ ወራት ከቤት እንዳይወጡ ታዟል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምት ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ ይላል፤ አብዛኛውን የሚገድሉት ግን ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ወፎች ከዱር ድመት ጋር አብረው የኖሩ ስለሆኑ የአውስትራሊያን ስጋት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አያስኬድም። ነገር ግን ዱር ውስጥ ሰፊ ቦታ ለአንድ ድመት ነው፤ በከተማ ሰፈር ያንኑ ቦታ ብዙ ድመቶች ይጋሩታል። ከጎጆዋ ገና የወጣች ድንቢጥ በቀላሉ ትያዛለች።

ድመት ከምትታሰበው በላይ ሰፈሯን አትለቅም። በስድስት አገሮች 925 የቤት ድመቶች አንገት ላይ ጂፒኤስ ታስሮ በተደረገ ጥናት የአንዷ ድመት መዋያ በአማካይ 3.6 ሄክታር ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ከቤታቸው ከ100 ሜትር ብዙም አይርቁም። በአዲስ አበባ መንደር አቀማመጥ 100 ሜትር ማለት ግን ብዙ ጎረቤት ነው። ከጎረቤቶቹ አንዱ መርዝ ካስቀመጠ የእርስዎ ጥንቃቄ ከአጥር አያልፍም።

ደጅ ምን ይጠብቃታል

መኪና፣ ውሻና ጅብ ለሁሉም ግልጽ ናቸው። አጥር ላይ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ መዳፏንና ሆዷን ይቀድዳል። ክዳኑ ያልተገጠመ ሮቶና በርሜል ውስጥ የገባች ግልገል ግድግዳው ስለሚያንሸራትታት መውጣት አትችልም። በብርድ ሌሊት ድመት ሙቀት ፍለጋ የመኪና ሞተር ሥር ትገባለች፤ ጠዋት ከማስነሳት በፊት ኮፈኑን መታ መታ ማድረግ ነው።

መርዙ ግን ጠለቅ ብሎ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ነው፣ የሚደረገውም ይለያያል። የመጀመሪያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የተነከረ እህል ወይም ሰም መሰል ቁራጭ ነው። አይጧ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየደከመች ትንቀሳቀሳለች። የደከመች አይጥ ደግሞ ለድመት ቀላል ሲሳይ ናት፤ መርዙ ወደ ድመቷ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ምልክቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ይመጣል፦ ድድ መንጣት፣ ድካም፣ የአፍንጫ ወይም የሰገራ ደም፣ ትንፋሽ ማጠር። መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ሲሆን ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ ድመቷ ተሻላት ብሎ በሳምንቱ ማቆም መድማቱን ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆኖ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ማስመለስና ትንፋሽ መቆራረጥ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ደጋፊ ሕክምና መስጠት ነው። ምግብ መስጠት አሲዱን ስለሚጨምር ያባብሳል፤ ወተት መጋትም ማርከሻ አይደለም። ትውከቱ ራሱ ጋዝ ስለሚያወጣ መስኮት ከፍቶ ከላዩ ሳያጎነብሱ መጥረግ ያስፈልጋል።

በየመንገዱ የሚሸጠው የአይጥ ማጣበቂያ ደግሞ ግልገሎችን ይይዛል። የተጣበቀውን ፀጉር መጎተት ቆዳ ይገፋል። የምግብ ዘይት እያሹ ቀስ በቀስ ማላቀቅ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ነው፤ ቤንዚንና ጋዝ አይነካም፣ ስትልሰው ይመርዛታል።

ማምከንና ክትባት

ድመት ወንድ የምትፈልግበትን ጊዜ የሚወስነው የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ በሚያጥርበት በብርዱ ወቅት ታርፋለች፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ በሚቀራረብበት በእኛ አገር ግን ዕረፍት የላትም ማለት ይቻላል። አንዳንዷ በ4 ወሯ ትጀምራለች፤ እርግዝናዋ ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ኮርኒስ ውስጥ የወለደች ድመት ችግሯ የሚታወቀው ግልገሎቹ ሲጮኹ ነው። ሴቷን ማምከን፣ ወንዱን ማኮላሸት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቢደረግ ጥሩ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ይጣላል፣ ግድግዳ ላይ ሽንቱን ይረጫል፤ በንክሻ የሚተላለፈውን የድመት በሽታ መከላከያ አጥፊ ቫይረስም ይዞ ይመለሳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምግቧን በሩብ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቤት የምትውለዋ በፍጥነት ትወፍራለች።

የድመት ወረርሽኝና የጉንፋን ቫይረሶች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወር ይሰጣል፣ በዓመቱ ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት ነው። ከቤት ለማትወጣዋም አይቀርም፤ በር ሳይዘጋ የቀረበት ዕለት መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ድመት ሰው ከነከሰች ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ነው። ድመቷን 10 ቀን ዘግቶ መከታተል ይጠቅማል፤ ሰውየው ግን ውጤቱን እየጠበቀ ክትባቱን ማዘግየት የለበትም።

ኮንዶሚኒየም ላይ

ድመት ከፎቅ ብትወድቅ አትሞትም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት በኒውዮርክ ከሕንፃ ወድቀው ሆስፒታል የደረሱ 132 ድመቶች ተጠንተው ከታከሙት 90 በመቶ ያህሉ ድነዋል፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱት ግን አልተቆጠሩም፤ የዳኑትም ደረትና መንጋጋቸው የተጎዳ ብዙ ነበሩ። የትንኝ መከላከያ ናይለን ድመት አያቆምም፣ በጥፍሯ ትቀደዋለች። ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት በላሜራው ፍሬም ላይ በብሎን ማሰር ነው። በረንዳም እስከ ጣሪያው ይዘጋል፤ ግማሽ ድረስ የታጠረ በረንዳ መዝለያ ይሆናታል።

ለመጸዳጃ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የተነፋ ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይደረግበታል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ሰጋቱራ አይሆንም፤ የእንጨት አመድም ሲረጥብ መዳፍ ያቃጥላል። የሳፋዎቹ ቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ቢበልጥ ጥሩ ነው፣ ከምግቧም ይራቅ። በድንገት ውጪ መጸዳዳት ከጀመረች ብዙውን ጊዜ ሳፋው ቆሽሿል ወይም ታማለች። ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ ተቀምጦ ሽንት ካልወጣው ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዕለት ካልታከመ ሊሞት ይችላል።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድመት ይጣል የሚባለው ምክር የተጋነነ ነው። ቶክሶፕላዝማ በድመት ሰገራ የሚወጣው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከወጣም በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ሳፋው በየቀኑ፣ በሌላ ሰው እጅ ከጸዳ አደጋው ትንሽ ነው። ጥሬ ክትፎና ያልታጠበ ሰላጣም ያንኑ ተውሳክ ያስተላልፋሉ፤ ግቢ የምትውል ድመት ካለችም የቆስጣ መደቡን በሽቦ መሸፈን ይገባል።

አደን፣ ጨዋታና ምግብ

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ስለጠገበች ማደኗን አትተውም። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት ሥጋ የበዛበት ምግብ ወደ ቤት የሚመጣውን አደን በ36 በመቶ፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማጫወት ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሷል። አንገቷ ላይ የሚታሰረው ቃጭል የጎላ ለውጥ አላመጣም። ለማጫወት ላባ የታሰረበት ክር ይበቃል፤ ሲያበቃ ክሩ ይነሳ፣ የተዋጠ ክር አንጀት ይቆርጣል። ጥፍሯን የምትስልበት ቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት ቋሚ እንጨት ካላገኘች ሶፋው አይተርፍም።

ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባ ብቻ የሚበላ ግልገል ካልሲየም አጥቶ አጥንቱ ይሳሳል። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ደሟን ይጎዳል። ፓራሲታሞልና ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ይገድላታል።

ሌሊት ማስገባትና ቤት መቀየር

ደጅ ማደር የለመደችን ድመት ለማስገባት ዋናውን ምግብ ከ12 ሰዓት አካባቢ ቤት ውስጥ ብቻ መስጠት ነው። «ውሮ» ብሎ መጥራትና ሳህኑን ማንኳኳት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይደረግ፤ በልታ ስትጨርስ በሩ ይዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በር ላይ ትጮኻለች። አንዴ ከተከፈተላት መጮኽ እንደሚሠራ ትማራለች፤ ሳይከፈት ከቀረ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ትለምዳለች።

ቤት ሲቀየር ከነበረችበት ብርድ ልብስና ሳፋ ጋር በአንድ ክፍል ትጀምር፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከቤት አትውጣ። ቀድማ ከወጣች፣ አዲሱ ቤት በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትፈለገው በአሮጌው ሰፈር ነው። ርቀቱ ብዙ ከሆነ ግን ከአዲሱ ቤት አቅራቢያ ተደብቃ ትገኛለች፦ ደረጃ ሥር፣ የጎረቤት ኮርኒስ፣ የቆመ መኪና ሥር። ፍለጋው ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ሌሊት በባትሪ ቢሆን ዓይኗ ስለሚያበራ በቶሎ ትታያለች።