ምናለሽ ተራ፦ የመርካቶ የውዳቂ ብረት ገበያና ወርክሾፕ

ምናለሽ ተራ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኝ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ገበያ ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ያሳንሰዋል። ዕቃው እዚያው ይገዛል፣ እዚያው ይፈታታል፣ እዚያው ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል፣ እዚያው ይሸጣል። ባዶ በርሜል፣ ያለቀ ጎማ፣ የተሰበረ ባሌስትራ (የመኪናን ክብደት የሚሸከም ዝርግ ሞላ)፣ የዘይት ቆርቆሮና የፌሮ ቁራጭ ይገባል። የከሰል ምድጃ፣ ጭልፋ፣ ወንፊት፣ በረባሶ፣ ባልዲ፣ መጥረቢያና ዶማ ይወጣል። መርካቶን የማያውቅ እንግዳ እንኳ ቦታውን አይስተውም፤ የመዶሻው ጩኸት ይመራዋል።

ከአራዳ ወደ መርካቶ

የምናለሽ ተራ ታሪክ ከመርካቶ ታሪክ አይነጠልም። የከተማዋ ዋና ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ነገሩ ተገለበጠ። አዲሱ አስተዳደር ከተማዋን በዘር ከፍሎ እንደ አዲስ ሊሠራት ተነሣ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ እንኳ በዚያን ሰሞን ለሙሶሊኒ ንድፍ ልኮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ፕላኑን ያወጡት ኢግናሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ ናቸው። አውሮፓውያኑ የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ሰፈር ተለየ። የአገሬው ሰው ደግሞ ገበያውን ይዞ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። ያ ሥፍራ ‹መርካቶ ኢንዲጄኖ›፣ የአገሬው ገበያ ተባለ። አራዳ ፒያሳ ሆነ።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፣ ገበያው ግን ባለበት ቀረ። ሕዝቡን ለማግለል የታሰበው ሰፈር የአገሪቱ የንግድ ልብ ሆኖ አረፈው። ከአፍሪካ በስፋቱ አንደኛ ነው ይባላል፤ ልኩን ማን እንደ ለካው ባይታወቅም የመርካቶ ሰው በዚህ አይከራከርም። ውስጡም በየሙያው በተራ ተከፋፈለ። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ እያለ ይቀጥላል። ለአሮጌው ዕቃ ደግሞ ምናለሽ ተራ ደረሰው።

በንጉሡ ዘመን ከከተማዋ ጋር አደገ። በደርግ ጊዜም የውጭ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም ነበርና የሚጠግን ሰው ዋጋው ከፍ አለ።

ዕቃው ከየት ይመጣል

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከየቤቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ‹ቆራሌው!› እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ጣል አድርጓል። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ የሞተ ባትሪ፣ ሁሉንም ይገዛል። ከልዋጭ ጋር መምታታት የለበትም። ልዋጭ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ሳህን ወይም ብርጭቆ የሚሰጥ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። ቆራሌው የሰበሰበውን ለጅምላ ተቀባይ በኪሎ ያስረክባል። ተቀባዩ መዳቡን ለብቻ፣ አሉሚኒየሙን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ ይለያል። ቀጥቃጩ የሚመርጠው ከዚህ ክምር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጋራዥ ነው፤ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማና ካላማዳሪ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛው ጨረታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያረጀ ንብረቱን የሚያስወግድበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ተደንግጎ ቆይቷል። አዲስ ዘመን ጋዜጣን የሚያገላብጥ ሰው የተሰባበረ ጄኔሬተር፣ የቆመ ትራክተርና የበርሜል ክምር ሲጫረት ያያል። አሸናፊው ጠቅላላውን ይገዛና በየፈርጁ በትኖ ይሸጠዋል።

የቆሻሻ ክምር ላይ እየለቀሙ የሚያድሩም አሉ። ቆሼ በሚባለው የረጲ ማራገፊያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እዚያ የተለቀመ ብረት ከሌላው ተለይቶ አይታወቅም፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁሉም ብረት ነው።

በርሜል፣ ጎማ፣ ባሌስትራ

በ200 ሊትር በርሜል እንጀምር። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል በብየዳ እሳት መቁረጥ ከሞት ጋር መቀለድ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ስለዚህ መሮና መዶሻ ይመረጣል። አፉና ቂጡ ዙሪያውን ተቆርጦ ይወጣል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ተዘርግቶ እየተመታ ይስተካከላል። ከበርሜልነቱ የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። አንዳንድ ምድጃ ሆዱ ላይ የዘይት ኩባንያ ስም ግማሹን ይዞ ይሸጣል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ‹ላቀች› የከሰል ምድጃም ከኬንያው ጂኮ ምድጃ የተቀዳ ነው፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ላሜራ ነው። ያን ላሜራ ለሚቀጠቅጥ ባለሙያ ከውዳቂ በርሜል የረከሰ ጥሬ ዕቃ አይገኝለትም።

ጎማ የራሱ ሙያ አለው። ለበረባሶ የሚፈለገው ውስጡ ክር የሆነ ጎማ ነው። ሽቦ ያለበትን ቢላ አይደፍረውም፤ ቢቆረጥም የሽቦው ጫፍ እግር ይወጋል። ቆራጩ ቢላውን ውሃ እየነከረ ይስበዋል፣ ደረቅ ቢላ ላስቲክ ውስጥ ይነክሳልና። ከመሬት ጋር የሚገናኘው ወፍራሙ ክፍል ሶል ይሆናል። ጎኑ ማሰሪያ ይሆናል። ካላማዳሪው ተሸንሽኖ ጭነት ማሰሪያ ይወጣዋል። የሚጣል ነገር ካለ በጣም ትንሽ ነው።

ከሁሉ በላይ ክብር የሚገባው ግን ባሌስትራ ነው። የመኪና ባሌስትራ ካርበኑ ከፍ ያለ ብረት ነው፤ ስለት ይይዛል፣ ሲታጠፍም ይመለሳል። ፌሮ ግን ለስላሳ ነው፤ ስለት ቢወጣለትም ወዲያው ይዶለዱማል። የገጠሩ ቀጥቃጭ ይህን ያወቀው የብረት ኬሚስትሪ ተምሮ አይደለም። ብረቱን በወናፍ እያጋለ፣ በጉጠት ይዞ፣ መስፍ ላይ እየመታ ነው። መስፉ ራሱ ብዙ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። የባሌስትራ ብረት ግሎ ድንገት ውሃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተቃጠለ ሞተር ዘይት ቀስ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል። ዘይቱም ከጋራዥ የተገኘ ውዳቂ ነው።

ከዚህ ብረት ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ዶማ ይወጣል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ ማረሻውም በዚያው ልክ ይበላል። ሲደንዝ ያስቀጠቅጠዋል። ሲያጥር ብረት ያስቀጥልበታል። መቀጠል የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ለቢላ ወይም ለማጭድ ይሆናል። ሞፈሩና ቀንበሩ እንጨት ስለሆኑ ከጫካ ይተካሉ፤ ብረቱ ግን ከጭነት መኪና ይመጣል። አገሪቱን ለዘመናት የመገበው የበሬ እርሻ ዛሬ በከፊል የቆመው በአሮጌ አይሱዙ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙና ሐሜቱ

ምናለሽ ተራ የተሰረቀ ዕቃ ማራገፊያ ነው የሚል ስም አለው። ይህ ሐሜት ፍትሐዊ አይመስልም። ስፖኪዮ የጠፋበት ሰው የሚሮጠው የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው፤ እዚያም ቢሆን አብዛኛው ሰው ሠርቶ አዳሪ ነው። የተሰረቀ ብረት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሊገባ እንደሚችል የሚክድ ባይኖርም፣ የቀጥቃጩ ሥራ ከሌባ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የደረሰኝ ጉዳይ ሌላ ራስ ምታት ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥጥር ጠብቆ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ለጨርቅ ነጋዴ ነገሩ ግልጽ ነው፣ የገዛበትን ያሳያል። ከቆራሌው በማዳበሪያ የተገዛ ቆርቆሮ ግን ደረሰኝ ከየት ያመጣል?

ጤናም ሊነሣ ይገባል። ከተቀላቀለ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ቀልጠው በሚሠሩ ድስቶች ውስጥ እርሳስ መገኘቱ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በጥናት ታይቷል። በተለይ ኮምጣጣ ነገር የሚበስልበት ድስት ያሳስባል። የመዳብ ሽቦ ላስቲኩን አቃጥሎ ማውጣትም ጭሱ መርዝ ነው። የፀረ ተባይ ጀሪካን ደግሞ ቢታጠብም ለውሃና ለምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ መወገድ አለበት። በርሜልና ጀሪካን የሚገዛ ሰው ቀድሞ ምን እንደነበረበት ይጠይቅ።

መልሶ ግንባታና ገዢ

መርካቶ ውስጥ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተሠራ ነው። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎም የተጠጋጋ ግንባታና ጠባብ መተላለፊያ ምን ያህል አደጋ እንደሆነ አሳይቷል። ሕንፃ ለጨርቅና ለኤሌክትሮኒክስ ይመቻል። ለቀጥቃጭ ግን አይመችም፤ እሳቱ፣ ጩኸቱና ክብደቱ ምድር ቤት ይፈልጋል። በመልሶ ግንባታ ወሬ መሀል ይህ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

ገዢው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የከተማ ሰው ነው፤ ምድጃ፣ ጭልፋ፣ ባልዲ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ወደ ክፍለ ሀገር የሚጭን ነጋዴ ነው። መጥረቢያ ወይም ዶማ የሚገዛ ሰው ፌሮ በባሌስትራ ስም እንዳይሸጥለት ሞረድ ይጠይቅ። በደንብ የተሠራ ባሌስትራ ስለቱ ላይ ሞረዱ ያንሸራትታል፣ ብዙም አይነክሰውም። ፌሮ ከሆነ ሞረዱ በቀላሉ ይበላዋል። ሞረድ አላውስም የሚል ሻጭ ካጋጠመ ጎረቤቱም መጥረቢያ ይሸጣል።