ቋሚ ስፒከርን ሳሎን ውስጥ ማቆም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ቋሚ ስፒከር የሚባለው ያለ ጠረጴዛና ያለ መደርደሪያ ወለል ላይ በራሱ የሚቆም የድምፅ ሳጥን ነው። ብዙዎቹ ከወገብ እስከ ደረት ይደርሳሉ፤ ከሰው የሚበልጡም አሉ። ጥራታቸው ከፍ ያለው ጥንድ ሆነው ይሸጣሉ። ከ30 ኪሎ ጀምሮ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ፤ ያውም አንዱ ብቻውን። ለሠርግ ድንኳን ከሚከራየው ሞንታርቮ ጋር አይምታቱ። ሞንታርቮ ሕዝብ እንዲያዳርስ ይሠራል፤ እነዚህ ግን አንድ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው የተሠሩ ናቸው።

የመኪና ዋጋ የሚያወጡ አሉ። ሆኖም ከ200 ወይም ከ300 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) በታች ያለው ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ፣ የሳጥኑን ያህል በክፍሉ ይወሰናል። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ምን ይገዛ የሚለውን ትቶ የተገዛው የት ይቁም በሚለው ላይ ያተኩራል። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ብዙም ስለማይገኝ፣ እዚህ ያለው በአብዛኛው ከድምፅ መሐንዲሶች ጽሑፍና ከአምራቾች መመሪያ የተለቀመ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

ዛሬም የምንጠቀምበትን የስፒከር አሠራር በ1925 ያቀረቡት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ ናቸው። ማግኔት ውስጥ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ወረቀት ይገፋል፣ ወረቀቱ ደግሞ አየሩን። መቶ ዓመት ሞላው፤ መሠረቱ አልተነካም። በ1931 እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን በሸክላ አሳታሚው ኢኤምአይ ውስጥ እየሠራ የስቴሪዮ ፓተንቱን አስገባ። ሁለት ስፒከር ፊት ለፊት ቆመው ዘፋኙ መሀል ላይ ያለ እንዲመስል የሚያደርገው ይኸው መርህ ነው። ስቴሪዮ ሸክላ ግን ገበያ ላይ የዋለው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው።

እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ የሚበቃው አንድ ሳጥን ነበር፤ ስለዚህ ቢገዝፍም ችግር የለም። ፖል ክሊፕሽ በ1946 አርካንሳስ ውስጥ ኩባንያውን ሲያቋቁም ያወጣው ክሊፕሽሆርን ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ግድግዳዎች የአካሉ ቅጥያ ያደርጋቸው ነበር። «የት ላቁመው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ማዕዘን ነው። እስከ ዛሬም ይመረታል። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር ከሄንሪ ክሎስ ጋር ሆኖ ማሳቹሴትስ ውስጥ አኮስቲክ ሪሰርችን መሠረተ። አየር በማያስወጣ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ ማውጣት እንደሚቻልም አሳየ። ስቴሪዮ ሲመጣ ሁለት ሳጥን ሳሎን ውስጥ ማስገባት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለቱም አውስትራሊያ ውስጥ ሆነው፣ ዉፈርን፣ ማለትም ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ፣ ከሳጥን ጋር የሚያጋባውን ስሌት ሠሩ። ጠባቡና ረጅሙ ሳጥን የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአቀማመጥ ጉዳይ ግን ሁለት ሰዎች ከሁሉም ይበልጣሉ። አንዱ ሮይ አሊሰን ነው። በአኮስቲክ ሪሰርች ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። በ1974 ባሳተመው ጥናት ወለሉና ግድግዳዎቹ ስፒከሩ የሚያወጣውን ጉልበት ራሱን እንደሚለዋውጡት በልኬት አሳየ። ያው ዉፈር፣ ያው አምፕሊፋየር፣ ቦታው ብቻ ሲቀየር ቤዙ በግልጽ ይጨምራል ወይም ይጎድላል።

ሁለተኛው ካናዳዊው ፍሎይድ ቱል ነው። ከ1965 እስከ 1991 ኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሠርቷል። ይህ የመንግሥት ተቋም ስፒከር አይሸጥም፤ የዚህ ዘርፍ ታማኝ እውቀት ከዚያ መፍለቁም አይገርምም። ቱል አድማጮችን መጋረጃ ፊት አስቀመጠ። የትኛው ስፒከር እንደሚጫወት ሳያዩ ነጥብ ሰጡ። ብራንድና ዋጋ ከዓይን ሲሰወር የሰዎች ምርጫ በጣም ይቀራረባል፦ ፊት ለፊት ያልተዛባ፣ ወደ ጎንም ሲሄድ ቀስ እያለ የሚቀንስ ድምፅ ይመረጣል። ቱል ኋላ ስፒከር ወደሚያመርተው ሃርማን ኩባንያ ሄደ። በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ያወጡት ጽሑፍ ሰዎች ስፒከሩን እያዩ የሚሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሚሰጡት እንደሚለይ አሳየ። ሃርማን ከዚያ አልፎ ስፒከሮቹን በሰከንዶች ውስጥ እየቀያየረ ልክ እዚያው ቦታ ላይ የሚያቆም ማሽን ሠራ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን አቁመህ ካወዳደርክ ግማሹ ፍርድህ ስለ ቦታው ነው።

ክፍሉ የሚሠራው ሥራ

5 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን እንውሰድ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ10፣ ስናካፍለው 34 ሄርዝ ይወጣል። ለወርዱ 43፣ ለከፍታው 66 ሄርዝ ገደማ ነው። በእነዚህና በብዜቶቻቸው ላይ ድምፁ በተቃራኒ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይቆማል። ሁልጊዜ ግድግዳው ጋ ይጎርፋል፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ መሀል ላይ ይጠፋሉ።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ሶፋው ከርዝመቱ ትክክለኛ መሀል ላይ ካለ 34 ሄርዙን ብትፈልገው አታገኘውም። ሶፋው የኋላ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ቤዙ ከሁሉም በላይ ይሆናል። ብዙ መመሪያዎች ከርዝመቱ 38 በመቶ ላይ ተቀመጡ ይላሉ። ለመነሻ ጥሩ ነው።

በበገና መሞከር ይቻላል። ዝቅ ብለው የተቃኙት አውታሮች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ከአሥሩ አንዱ አውታር በተመታ ቁጥር ክፍሉን የሚሞላ ከሆነ፣ ወንበር ስትቀይር ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ የደርዳሪው አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ቤዝ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሄደው ግድግዳውን ነክቶ ዘግይቶ ይመለሳል፤ መዘግየቱ የግማሽ ሞገድ ሲሆን ፊት ለፊት የወጣውን ያጠፋዋል። ከዉፈሩ እስከ ግድግዳው 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ፣ ማለትም ድምፁ የሚጎድልበት ቦታ፣ 107 ሄርዝ ላይ ነው። 60 ከሆነ 143፣ 1 ሜትር ከሆነ 86። የወንድ ድምፅ ደረት ያጣበት ቤት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው። ጉድጓዱ በማንቀሳቀስ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ከወለሉና ከጎን ግድግዳው ያለው ርቀትም የየራሱን ጉድጓድ ስለሚቆፍር ሦስቱ ርቀቶች እኩል እንዳይሆኑ ይመከራል።

ጀርመናዊው ማንፍሬድ ሽሮደር የሰጠው ቀመር የክፍሉ ግዛት የት እንደሚያበቃ ይነግረናል። ለዚህ ሳሎን፣ ምንጣፍና መጋረጃ ኖሮት ማስተጋባቱ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ፣ ወሰኑ 200 ሄርዝ አካባቢ ነው። ባዶ ሴራሚክ ሆኖ አንድ ሰከንድ ከሆነ 280 ይጠጋል። ከዚያ በላይ የስፒከሩ ጥራት ራሱ ይናገራል።

ማቆሙ

የሚያስፈልገው ሜትር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ውሃ ልክና አንድ ጉልበት ያለው ወዳጅ ነው። ስፒከሩን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ መጎተት ወገብንም ወለልንም ያድናል። ከሥር የሚገቡት ሹል እግሮች ቦታው እስኪለይ አይገጠሙም።

መነሻው እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ነው። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2.4 ሜትር ካለ ከእያንዳንዱ እስከ ጆሮ ያለውም 2.4 ሜትር ይሁን። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስቱዲዮ ማዳመጫ ያወጣው መስፈርትም ስፒከሮቹን ከመሀል ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ ያደርጋቸዋል፤ ያው ሦስት ማዕዘን ነው። የግራውና የቀኙ ርቀት በአንድ ሴንቲ ሜትር እንኳን ባይለያይ ይመረጣል። ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ይሁን። ዝቅ ያለ ሶፋ ብዙ ስፒከር አበላሽቷል።

ቀጥሎ ማዞር ነው። ስፒከሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲያይ ሙዚቀኞቹ የቆሙበት የሚመስለው መድረክ ይሰፋል፣ መሀሉ ግን ሊሳሳ ይችላል። ወደ አድማጩ ሲዞር ዘፋኙ ይጠራል። ብዙ ሰው የሚስማማበት የሁለቱ አቅጣጫ ከአድማጩ ራስ ትንሽ ኋላ እንዲገናኝ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ አምራቾች ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስለሚያስቡት መመሪያውን ማንበብ አይከፋም። አንድ የታወቀ ዘፈን፣ መሀል ላይ ብቸኛ ድምፅ ያለው፣ እየደጋገሙ መጀመሪያ በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ኋላ በ2፣ በመጨረሻ በ1 ማንቀሳቀስ። ጥሩ ቦታ በተገኘ ቁጥር ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ያለ ምልክት የሚሠራ ሰው ሲመሽ የት እንደነበረ አያውቅም።

ስም ያላቸው ዘዴዎችም አሉ። ዩታ የሚገኘው ዊልሰን ኦዲዮ ለጫኚዎቹ የሚያስተምረው በሰው ድምፅ የሚሠራ ነው። አንዱ ግድግዳውን ተጠግቶ እያወራ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ሌላው ማዳመጫው ቦታ ላይ ሆኖ ይሰማል። ድምፁ ከግድግዳው ተላቆ የሚጠራበት ቦታ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። ተረት ይመስላል ግን ይሠራል። የኬብል አምራቹ ጆርጅ ካርዳስ ደግሞ ስፒከሩን የክፍሉን ወርድ በ0.276 አባዝቶ ከጎን ግድግዳ፣ በ0.447 አባዝቶ ከስፒከሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ያርቃል። በእኛ 4 ሜትር ሳሎን 1.10 እና 1.79 ሜትር ማለት ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ ነገር ግን ስፒከር ሳሎኑን እስከ ሲሶው ድረስ ገብቶ ሲቆም የሚታገሥ ቤተሰብ ማግኘት ሌላ ነገር ነው።

የጎን ነፀብራቅን ለማግኘት መስታወት ይበቃል። አድማጩ ይቀመጣል፣ ወዳጁ መስታወቱን የጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሄዳል። ትዊተሩ መስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ ላይ መጋረጃ ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ ይገባል።

የኛ ቤቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ሳሎን በአብዛኛው ብሎኬት ግድግዳ፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ወለል ነው። ቤዙን አጥብቆ ይይዛል፣ ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ ያንጫጫዋል። አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ «ጭው» የሚል ጅራት ካለው ወፍራም ምንጣፍ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ ይቀድማል። መስታወት ያለው ቡፌ ውስጥ የተደረደሩ ብርጭቆዎችና ስኒዎች ቤዝ በመጣ ቁጥር ይንጫጫሉ፤ ሰው ስፒከሩ ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ጎረቤት አለ። ከሹል እግር ይልቅ ለስላሳ ጎማ መጠቀም ወደ ታች የሚወርደውን ንዝረት ይቀንሳል፣ በአየር የሚሄደውን ግን አያቆምም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ቤት የእንጨት ማገርና ጂፕሰም ነው። ጂፕሰሙ እየተርገበገበ ከቤዙ የተወሰነውን ይበላል፣ የተወሰነውንም ወደ ውጭ ያሳልፋል። ስለዚህ ያው ስፒከር እዚያ ቀለል፣ እዚህ ከበድ ብሎ ይሰማል። ከአሜሪካ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው አምፕሊፋየሩ ለ220 ቮልት መሠራቱን ሳያይ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ።

አከራካሪ ነገሮች

ኬብል ላይ ብዙ ብር ይወጣል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ፣ 5 ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ ተቃውሞው 0.07 ኦም ገደማ ነው። 4 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ ከምንም አይቆጠርም። የኬብል ነጋዴዎች በዚህ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ይገባናል።

ሹል እግሮች ድምፅ ያሻሽላሉ የሚለው ላይ የተለያየ አስተያየት አለ። በወፍራም ምንጣፍ ላይ ሳጥኑ እንዳይወዛወዝ ማድረጋቸው እርግጥ ነው። ሴራሚክ ላይ ከሥራቸው ማረፊያ ሳንቲም (ትንሽ የብረት ክብ) ካልተደረገ ወለል መብሳታቸውም እንደዚሁ። ከዚያ በላይ ያለው ለአድማጩ ይተዋል።

በኮምፒውተር ማስተካከል ለብዙ ዓመታት በጠራ ድምፅ ወዳጆች ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ አሁን ተቃውሞው ላልቷል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌርና አንድ የመለኪያ ማይክ የክፍሉን ጉብታና ጉድጓድ ስክሪን ላይ ያሳያሉ። ጉብታውን መቀነስ ይቻላል። ጉድጓዱን በጉልበት ለመሙላት መሞከር ግን አምፕሊፋየሩን ማድከም ነው፤ የጨመርከው ሁሉ እዚያው ይጠፋል።

አያያዝ

የትዊተር ጉልላት በጣት የሚነካ ነገር አይደለም፤ ሕፃን ያለበት ቤት መሸፈኛው አይነሳም። በውድ ስፒከሮች ላይ ከቤሪሊየም የተሠሩ አሉ። የዚህ ብረት ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው። ጉልላቱ ከተሰበረ ፍርፋሪውን በእጅ መልቀም ወይም መጥረግ አይገባም፤ ተሸፍኖ ለባለሙያ ይተው።